ዐይን ያወቀውን ቃል አፍ እንዲያወጣው



በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች ትምህርት በተነጋገርን ጊዜ ሁሉ ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጄ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነባል፤ በፈተናም ደኅና ነጥብ ያመጣል፤ ነገር ግን ተናገር በተባለ ጊዜ አፉ ይያዛል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ የዛሬውን ጽሑፋችንን በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

በመጀመሪያ ነገሩን በደንብ እንመልከተው። ተማሪው ቃሉን አያውቀውም ማለት አይቻልም፤ በመጽሐፍ ላይ ባየው ጊዜ ያለ ችግር ትርጕሙን ይናገራልና። ሌላ ሰው ሲናገረውም ይሰማዋል፤ ያስተውለዋል። ነገር ግን ያንኑ ቃል ራሱ ሊናገረው በፈለገ ጊዜ ይጠፋበታል። «ምላሴ ላይ ነው» እያለ ይጨነቃል፤ ጥቂት ቈይቶ ሰዎቹ ከሄዱና ነገሩ ካለፈ በኋላ ቃሉ ሳይጠራ ይመጣል። እንግዲህ ዕውቀቱ ከሁለት የተከፈለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በገበያ መካከል የሚያልፈውን ሰው ፊቱን አይቶ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው በሌለበት ስሙን አስታውሶ መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ፊትን ለመለየት የሚበቃው ዕውቀት ስምን ለመጥራት አይበቃም። የልጆቻችንም እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ፊቱ የታወቀ፣ ስሙ ግን ያልተያዘ ዘመድ ነው።

ይህ ጕዳይ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በጉንደ ወይንና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የሚያድገውን ልጅ ያስብ። ይህ ልጅ በቤቱና በገበያው አማርኛ ይሰማል፤ በቤተ ክርስቲያን ግእዝና አማርኛ ይሰማል፤ እንግሊዝኛ የሚሰማው ግን ከክፍል ውስጥ ብቻ ነው። 9ኛ ክፍል በደረሰ ጊዜ ግን የሒሳቡም፣ የሥነ ሕይወቱም፣ የታሪኩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቀዋል። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ልጁ መልሱን በልቡ በአማርኛ ያውቀዋል፤ ቃሉን ሲፈልግ ግን ሌላው ተማሪ ይቀድመዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በኋላ እጁን ማንሣት ይተዋል። ዝም ያለው ቃሉ ስለ ዘገየበት ሆኖ ሳለ «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ይባላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እርሱ ራሱ ይህን ማመኑ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሊቀጠር ለቃል ፈተና በቀረበ ጊዜም ይኸው ችግር ይከተለዋል።

ነገሩ የአንድ ትውልድ ብቻ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የውጭ ቋንቋ ዋና ትምህርት ነበረ፤ በዚያም ዘመን ፈረንሳይኛ የበረታ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ፣ ማለት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲያደርግም የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንደ ሆነ ቈየ። ስለዚህ አያትም፣ አባትም፣ ልጅም በየዘመናቸው በዚሁ ደጃፍ ቆመዋል።

እንግዲህ ምክንያቱን እንመርምር። ሰው የሚችለው የተለማመደውን ነው። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚለማመዱት ምንድን ነው? ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ፣ የተጻፈውን ማንበብ፣ ትርጕሙን ከጎኑ ማስፈር፣ በፈተናም ጊዜ ከሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ አንዱን መምረጥ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቃሉ በዐይን ፊት ተቀምጧል። ተማሪው ይለየዋል እንጂ ከልቡ ጕድጓድ ስቦ አያወጣውም። ውኃ ሲቀዳ የሚያይ ሰው የቀጂውን ጕልበት እንደማያገኝ፣ ቃልን ሺህ ጊዜ በዐይን ማየትም ቃልን የማውጣት ኀይል አይሰጥም።

እዚህ ላይ የራሳችንን የአብነት ትምህርት ቤት ብንመለከት ብዙ የምንማረው አለን። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው ሁሉ፣ አንዳንድ ሰዎች የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት «ሸምድዶ መናገር ብቻ ነው» እያሉ ያቃልሉታል። ነገር ግን ግእዝ በዛሬው ዘመን የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳይሆን፣ ከእናቱ አፍ አንድ የግእዝ ንግግር ያልሰማው የገበሬ ልጅ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚያ ቋንቋ አዲስ ቅኔ ይቀኛል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

የንባቡን ቤት እንመልከት። ሕፃኑ ቀን በፀሓይ መጽሐፉን እየተከተለ ግእዙን፣ ውርዱን፣ ቁሙን ያነባል። ከመሸ በኋላ ግን መጽሐፉ ይዘጋል፤ በጨለማ ውስጥ የቃል ትምህርቱ ይቀጥላል። መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ ጥቂት ቃል ይነግረዋል፤ ሕፃኑ ይቀበላል፤ ወዲያው ያለ መጽሐፍ መልሶ ይላል። በማግሥቱም አዲሱን ከመጨመሩ በፊት የትናንቱን ይጠየቃል። ጨለማው ለመብራት እጦት የመጣ ቢሆንም ለትምህርቱ ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ዐይን የሚያርፍበት ፊደል ስለሌለ ልብ ራሱ እንዲሠራ ተገዷልና።

የቅኔው ቤት ደግሞ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። ጎጃም በጎንጅና በዋሸራ የቅኔ ቤቶቿ የታወቀች አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ የሚያጠናው ግሥን ነው። «ቀተለ፣ ይቀትል» እያለ ግሡን ከነእርባታው ያወርዳል፤ ቀጥሎም አገባቡን ይማራል። እስከዚህ ድረስ ያለው ማጥናት ነው። ነገር ግን በዚህ አይቆምም። ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ከጓደኞቹ ተለይቶ በጫካ ውስጥ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያጠናውን ግሥ በራሱ ዐሳብ ውስጥ አግብቶ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ በልቡ ይቈጥራል። ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ የተበላሸውን ያርማል፤ የቀናውን ያመሰግናል። ቅኔም በየጊዜው አዲስ እንዲሆን ስለሚፈለግ የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አያዋጣም። ስለዚህ ተማሪው ያወቀውን ቃል ዕለት ዕለት በአዲስ ሥራ ላይ እንዲያውለው ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ የአብነት ትምህርቱ ሦስት ምሰሶዎች እነዚህ ናቸው፤ ያለ መጽሐፍ ማስታወስ፣ ያስታወሱትን በአዲስ ዐሳብ ውስጥ ማግባት፣ በሚያርም ሰው ፊት በድምፅ መናገር። የዘመናዊው ተማሪ ከእነዚህ ውስጥ ለእንግሊዝኛው የያዘው ቢኖር ጥናቱን ብቻ ነው፤ እርሱንም መጽሐፉን ገልጦ ነው። ሁለቱ ምሰሶዎች ጭራሹን ተረስተዋል።

ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው መሻገር እንደሚቻል የሚመሰክር ሰውም አገራችን አላት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እግር ሥር ተምረዋል። ኋላ በአዲስ አበባ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በዲፕሎማሲ አገልግሎትም በተባበሩት መንግሥታት ዘንድና በለንደን ኢትዮጵያን ወክለዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለድም ጻፉ። ደብረ ወርቅም ዲማም ለጉንደ ወይን ሰው ጎረቤት አገር ናቸው።

የውጭ አገር ተመራማሪዎችም ይህን መንገድ በቍጥር መርምረው እውነተኛነቱን አሳይተዋል። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርጕም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለካ። ያገኘውም ውጤት መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እጅግ የፈጠነ፣ ኋላ ግን እየቀዘቀዘ የሚሄድ መሆኑን ነው። ጥናትንም በአንድ ቀን ከመከመር ይልቅ በልዩ ልዩ ቀናት መክፈል እንደሚጠቅም አስረዳ።

በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። ከፊሎቹ አራት ጊዜ ደጋግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ አንድ ጊዜ ብቻ አነበቡትና ሦስት ጊዜ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ ከመቶ 83፣ አስታዋሾቹ ከመቶ 71 አገኙ። አንድ ሳምንት ባለፈ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ ከመቶ 40 ብቻ ሲቀርላቸው አስታዋሾቹ ከመቶ 61 ያዙ። ከዚህ የምንማረው፣ ደጋግሞ ማንበብ ዛሬ የሚያስደስት፣ በሳምንቱ ግን የሚከዳ ወዳጅ መሆኑን ነው።

እነዚሁ ሰዎች በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለእኛ ጕዳይ ይበልጥ የቀረበ ምርመራ አደረጉ። 40 የስዋሂሊ ቃላት ከእንግሊዝኛ ትርጕማቸው ጋር ለአሜሪካውያን ተማሪዎች ተሰጡ። ሁሉም ቃላቱን ዐወቁ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ያወቁትን ቃል ማንበባቸውን ብቻ ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያወቁትንም ቃል ሳይቀር ደጋግመው ተጠየቁ። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑ ጊዜ፣ ሲጠየቁ የነበሩት ከመቶ 80 ያህሉን አስታወሱ፤ መጠየቁ የተቋረጠባቸው ግን ያስታወሱት ሲሶውን ያህል ብቻ ነበር። የሚያስገርመውም፣ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ ተብለው አስቀድመው በተጠየቁ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ያህሉን ብለው መገመታቸው ነው። ሰው የትኛው ጥናት እንደሚጠቅመው በራሱ ስሜት ሊያውቅ እንደማይችል ይህ ያስረዳል። ያለ መጽሐፍ ማስታወስ ያደክማልና ያልገባን ይመስለናል፤ ድካሙ ግን ራሱ ትምህርቱ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት የአማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያሰናክሉትን ነገሮች እናመልክት። የመጀመሪያው የግሥ ቦታ ነው። «ወንድሜ ትናንት ከሞጣ ገበያ ሁለት በግ ገዛ» ስንል «ገዛ» የሚለው ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ተናጋሪው ስለ ቀኑ፣ ስለ ቦታውና ስለ በጉ እየተናገረ ሳለ ግሡን ለማሰናዳት ጊዜ ያገኛል። በእንግሊዝኛ ግን «ማይ ብራዘር» ካለ በኋላ ወዲያው «ቦት» ማለት ግድ ነው። ተማሪው ንግግሩን እንደ ጀመረ የሚንተባተበው ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ነው፤ ቋንቋው ግሡን ቀድሞ ይጠይቀዋል፤ ልቡናው ግን ግሡን ወደ ኋላ ማቈየት ለምዷል። ስለዚህ ከቃላት ሁሉ አስቀድሞ መፍጠን የሚገባው ግሥ ነው። የቅኔ ቤትም ከግሥ መጀመሩ እንዴት ያለ ጥበብ እንደ ሆነ ያስተውሏል። ግእዝም ግሡን ብዙ ጊዜ ከፊት ስለሚያስቀድም የቅኔ ተማሪ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ቃል ለቃል አለመገጣጠሙ ነው። እኛ ልብስ ስንለብስ፣ ጫማ ስንጫማ፣ ባርኔጣ ስንደፋ፣ ቀለበት ስናጠልቅ ለየአንዳንዱ ልዩ ግሥ አለን። እንግሊዝኛ ግን ሁሉን «ዌር» በሚል አንድ ግሥ ይጠቀልለዋል። ይህን ያልተረዳ ልጅ አንድ ቃል በሚበቃበት ቦታ አራት ቃል ሲፈልግ ይደክማል። በተቃራኒው ደግሞ እኛ ከአንድ ሥር «አበደረ» እና «ተበደረ» የምንለውን እንግሊዝኛ «ሌንድ» እና «ቦሮው» ብሎ ምንም ዝምድና በሌላቸው ሁለት ቃላት ይከፍለዋል። ስለዚህ ቃልን ብቻውን ሳይሆን ከጓደኛው ጋር፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር አድርጎ ማጥናት ይገባል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የእኛ አፍ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ሲገናኙ «እ»ን ያስቀድማል፤ «ስኩል» የሚለውንም «እስኩል» ይለዋል። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቃል በአፍ ተደጋግሞ ካልተባለ ምላስ መንገዱን ስለማያውቀው በሚያስፈልግ ጊዜ ይዘገያል። እንዲሁም ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ እንዳይመስለን እንጠንቀቅ፤ ባንክና ሆስፒታል በእንግሊዝኛም ይገኛሉ፤ መኪናና ካልሲ ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚቻለውን በተራ እናቀርባለን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና በየማታው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

አንደኛ፤ የደብተሩ ገጽ ከመካከሉ ይታጠፍ። በግራው አማርኛው፣ በቀኙ እንግሊዝኛው ይጻፍ። ሲጠናም እንግሊዝኛው ተሸፍኖ፣ አማርኛው ታይቶ፣ እንግሊዝኛው በድምፅ ይነገር። ብዙ ተማሪዎች የሚያጠኑት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው፤ ይህ ለማንበብ ይረዳል፤ ለመናገር ግን መንገዱ የተገለበጠ ነው። ተናጋሪ የሚነሣው ከዐሳቡ ነውና። ቃሉ ወዲያው ባይመጣ ቸኵሎ መግለጥ አይገባም፤ በቀስታ እስከ ዐሥር እየቈጠሩ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚያም ካልመጣ ይገለጥ፤ ይነበብ፤ እንደ ገና ተሸፍኖ ይባል።

ሁለተኛ፤ በቀን ከ5 ቃል አይበልጥ፤ ከአምስቱም ሦስቱ ግሥ ይሁኑ። ግሡ ከነእርባታው ይያዝ፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያሉ እንደ ግእዙ ግሥ ማውረድ መልካም ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ 30 ቃል፣ በ10 ሳምንት 300 ቃል ይሆናል። ሰባተኛው ቀን ለክለሳ ይተው። ይህ ጥቂት የሚመስለው ሰው «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ያስታውስ።

ሦስተኛ፤ ክለሳው ዕለት የተወሰነለት ይሁን። አዲሱ ቃል በማግሥቱ፣ ከዚያም በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በ15ኛው ቀንና በወሩ ይጠየቅ። ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዚህ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አስታውቋል። ቃላቱ በትናንሽ ወረቀት ላይ ይጻፉና በተለያዩ ሣጥኖች ይቀመጣሉ፤ በትክክል የተመለሰው ወደሚቀጥለው ሣጥን ያልፋል፤ የተሳሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሣጥን ባይኖር ሦስት ፖስታ ወይም ሦስት ትናንሽ ከረጢት ይበቃል፤ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይከፈታል። ወረቀቶቹም በተጠየቁ ቍጥር ይቀላቀሉ። በአንድ ተራ ብቻ የተጠና ቃል ከተራው ውጭ ሲጠሩት አይመጣም፤ ከመጀመሪያው እያወረዱ ካልደረሱበት የማይገኝ ይሆናል።

አራተኛ፤ ቈጠራው አይቅር። ልጁ ከማታው አምስት ቃላት ሁለቱን ወስዶ ስለ ራሱ ኑሮ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይሥራ፤ ስለ ጤፉ እርሻ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጎረቤቱ ሰርግ፣ ስለ ታመመችው ላም ይሁን። ከመጽሐፍ የተቀዳ ዐረፍተ ነገር አይቈጠርለትም። ወደ ትምህርት ቤት በሚሄድበት ወይም ከብት በሚጠብቅበት ሰዓት በልቡ ቈጥሮ፣ ማታ ሳይጽፈው በቃሉ ይናገረው፤ ከተናገረ በኋላ ይጻፈው፤ በማግሥቱም ለመምህሩ ያሳየው።

አምስተኛ፤ ቃሉ ፈጽሞ በጠፋ ጊዜ ዙሪያውን መሄድ ይለማመድ። ወንፊት የሚለውን በእንግሊዝኛ ያጣ ልጅ «ዱቄት የምንነፋበት ዕቃ» የሚለውን በሚያውቃቸው ቀላል ቃላት ቢናገር ሰሚው ይረዳዋል፤ ምናልባትም የጠፋውን ቃል ራሱ ያቀብለዋል። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ አንድን ነገር በሌላ ቃል መናገር ሊያስቸግረው አይገባም። ዝም ከማለት ዞሮ መድረስ ይሻላል።

እዚህ ላይ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ልጄን እንዴት እረዳለሁ?» የሚሉ እናቶችና አባቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። መልሳችን፣ ለዚህ ሥራ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም ነው። አማርኛ ማንበብ የሚችል ወላጅ የግራውን ረድፍ እያነበበ «ይህስ ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ማንበብ የማይችል ደግሞ በቤት ያለውን ዕቃና የሚሠራውን ሥራ እያሳየ ይጠይቃል፤ እናት ሊጥ ስታቦካ «አሁን የማደርገው ምን ይባላል?» ትላለች፤ አባት ሞፈሩን ሲጠርብ እንዲሁ ያደርጋል። ልጁ ፈጥኖ መለሰ ወይስ ዘገየ የሚለውን ማንኛውም ጆሮ ይለያል። የዘገየበትን ወረቀት ወደ መጀመሪያው ከረጢት መመለስ ነው። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካለ ታናሹን ያስቀጽል፤ የሚያስተምር ሰው ራሱ ሁለት ጊዜ ይማራልና። በቤት ሞባይል ስልክ ካለም ልጁ የራሱን ድምፅ ቀድቶ መልሶ ቢሰማ፣ የቃሉንም ትክክለኛ አነባበብ ከመዝገበ ቃላት ቢያዳምጥ ይጠቅመዋል። ስልኩ መልሱን ቀድሞ የሚያሳይ ከሆነ ግን ያው የተገለጠ መጽሐፍ ነው፤ ጥቅም የለውም።

በመጨረሻ ከሁሉ የከበደውን ነገር እንናገር፤ እርሱም ኀፍረት ነው። በሚሥቁ ሰዎች መካከል የሚናገር ልጅ ግማሽ ልቡ በሣቁ ላይ ስለሚሆን ቃል ለመፈለግ የሚቀረው ግማሹ ብቻ ነው። በተሳሳተ ቍጥር የሚሣቅበት ልጅ ስሕተቱን ሳይሆን መናገሩን ይተዋል። የቅኔ መምህር የተማሪውን የተበላሸ ቅኔ ሲሰማ ቦታውን አሳይቶ ያቀናዋል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። ቅኔ ሳይበላሽበት ቅኔ ያወቀ ሰው የለም። በቤታችንም ሕግ እንሥራ፤ በጥናት ሰዓት አይሣቅ፤ ልጁ ዐሳቡን እስኪጨርስ አይቋረጥ፤ ከጨረሰ በኋላ ከስሕተቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይነገሩት፤ ያቀናው ደግሞ ስሙ ተጠርቶ ይመስገን። አሥር ስሕተት በአንድ ጊዜ የተቈጠረበት ልጅ አንዱንም አይዝም።

ይህን ሁሉ የምንለው እንግሊዝኛ ከአማርኛና ከግእዝ ይበልጣል ለማለት አይደለም። የጉንደ ወይን ልጅ የመንደሩን ስም ሲጠራ «ጉንድ» የሚለውን የግእዝ ቃል፣ ማለት ግንድን፣ ከወይን ጋር አዛምዶ እየጠራ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ ቃል እንዴት ከቃል እንደሚዛመድ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተምሯል። የውጭው ቋንቋ በዚህ ግንድ ላይ የሚጨመር ቅርንጫፍ ነው። ግንዱ የጠና እንደ ሆነ ቅርንጫፉ ይይዛል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ከእራት በኋላ መጽሐፉን አስዘግታችሁ «እስቲ ትናንት የተማርከውን በል» በሉ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ይጨነቃል፤ ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ ያገኝ ይሆናል፤ አትዘኑ፤ እርሱም አይዘን። ፈልጎ የደከመበት ቃል በሚቀጥለው ጊዜ ሳይደክም ይመጣለታልና። በዚህ መንገድ የሄዳችሁ ያገኛችሁትን ውጤትና ያጋጠማችሁን ችግር ጽፋችሁ ብትልኩልን ለሌሎች ቤተ ሰቦች እንዲጠቅም በዚህ ዐምድ እናቀርበዋለን። በሚመጣው ወር ደግሞ ስለ እጅ ጽሕፈት እንነጋገራለን። እስከዚያው በደኅና ያቈየን።